ከክሬኑ በኋላ

እሑድ፣ የካቲት 24 ቀን 1988

ጎረቤቴ እታፈራሁ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። ስኳሯ ከፍ ብሎ የእግሯ ቁስል አልድን ብሏት ነበር የገባችው። "ጣቴን ሊቆርጡኝ ነበር እቴ፣ አልፈርምም ብዬ ነው የተረፍኩት" ትላለች። ልጇ ብሩክታዊት ግን መቁረጥ የሚባል ነገር ከሐኪሙ አፍ አልወጣም ብላ ሳቀችባት። ልጅቱ ብሪክስተን ሰፈር ለብቻዋ ቤት ይዛ ከወጣች ወዲህ እናትና ልጅ አይነጋገሩም ነበር፤ ሕመሙ አስታረቃቸው። ሽሮ ሠርቼ ወደ ላይ ወጣሁ። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ እንደ ወይዘሮ ተቀምጣ አገኘኋት። ደስ አለኝ።

የኛው በሽተኛም ደህና ነው። ባለቤቴ ሳህሉ ጥር ላይ ልቡን ከያዘው ወዲህ ከሥራ ቀርቷል። ሐኪሙ ከባድ አታንሳ፣ ደረጃ ቀስ ብለህ ውጣ፣ አትደንግጥ አለው። አትደንግጥ! እንዲህ ያለ መድኃኒት ከየት ይገዛል?

እሱ ግን የሚያስበው ስለ ጀልባዋ ብቻ ነው። ሰው ለፍቶ ቤት ይገዛል፣ የኔ ባል የሚያፈስ እንጨት ገዛ። ምጽዋ የባሕር ኃይል አናጢ ነበረና ከውኃ ርቆ መኖር አልሆነለትም። አሮጌ የሸራ ጀልባ ናት፤ ሁለት ሰው ቢተኛባት ሦስተኛው ቆሞ ያድራል። ደትፎርድ፣ ወደ ቴምዝ የሚገባ ጠባብ ወንዝ ዳር፣ በአንድ የጀልባ ግቢ ውስጥ አለች። መስከረም ላይ በክሬን ከውኃ አውጥተዋት በምርኩዝ ተደግፋ ቆማለች። ክሬኑ መልሶ የሚያወርዳት በፋሲካ ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ወንዙ ደህና አድርጎ የሚሞላው ያን ጊዜ ነው አሉ። እስከዚያ ሆዷ ተፍቆ፣ ስንጥቋ ተደፍኖ፣ ተቀብታ ማለቅ አለባት። እዚያ ግቢ ሁሉም የራሱን ጀልባ ራሱ ነው የሚሠራው። የኔው ባለቤት ደግሞ ክንዱን ማንሳት ተከልክሏል። ስለዚህ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዝዛል፣ እኔ እፍቃለሁ።

"ቀጥ አድርገሽ ፋቂ እንጂ! ድንች እየላጥሽ ነው እንዴ?"

"ድንችማ ብትሆን ለራት ትሆነን ነበር።"

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለደግፌ ነው። ደግፌ የሳህሉ ታናሽ ወንድም ነው፣ ናዝሬት ያለው፣ የከባድ መኪና ሹፌር። ሐምሌ ላይ ሊጠይቀን ይመጣል። ያ ሰውዬ አሰብ እየተመላለሰ ዕድሜውን ሙሉ ባሕሩን ከዳር አየ እንጂ እግሩን እንኳ ነክሮ አያውቅም፣ ይፈራል። ሳህሉ "በግድ ጭኜ ባሕሩ አፍ ድረስ እወስደዋለሁ" እያለ ይስቃል። ጀልባዋ ውስጥ መኝታ እየሠራለት ነው። ጣውላ መቁረጥ ልብ አያደክምም ብሎ እኔን አሳመነኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 26

ከሥራ ቀጥታ ወደ ግቢው። የትምህርት ቤቱ ኩሽና ውስጥ ድስት ፈግፍጌ፣ ደግሞ የጀልባ ሆድ። ከእንጨቱ ላይ የሚላቀቀው እንደ ጥርስ የተጣበቀ ቀንድ አውጣ ነገር ነው። ክንዴ ዛለ። ሳህሉ ለደግፌ መኝታ ራስጌ አወጣለት። "ቁመቱን ታስታውሻለሽ?" አለኝ። አስታውሳለሁ አልኩት፣ በእጄ አሳየሁት።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ደግፌ ሞተ።

መኪናው አዋሽ ላይ ተገልብጦ። ረቡዕ ዕለት። ተቀብሯል።

ስልኩ የተደወለው፣ እንደ ወጉ፣ ለጋሽ ብዙነህ ነው፤ የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ለእታፈራሁ፣ እታፈራሁ ለእኔ። በዚያ ቁስለኛ እግሯ ደረጃውን ወርዳ መጣች። በሩን ከፍቼ ሳያት ገባኝ፤ ማን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቅሁት። "ድምፅ እንዳታሰሚ፣ ባልሽ ይገባል" አለችኝ። ፎጣ አፌ ላይ ያዝኩ።

ሳህሉ ሲመጣ ፊቴን ታጥቤ ምስር እያወጣሁ ነበር።

"ዓይንሽ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"አቧራው ነው። ነገ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጊ።"

ስልኩን ከግድግዳው ነቀልኩት። ተበላሽቷል አልኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ቀረሁ ብል ምን ሆነሽ ይለኛል። ሄድኩ። ሠላሳ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ከኬኒንግተን እስከ ኒው ክሮስ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ብርጭቆ ወረቀት ስናወራ ሄድን። ሻካራው ይሻላል ወይስ ለስላሳው። አምላኬ።

ከጀልባዋ ሥር ገብቼ መነጽሩን አጠለቅሁ፣ አፌን ሸፈንኩ፣ የቀደመውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው የወጣልኝ። ማንም አያየኝም፣ ወረቀቱ ሲፋቅ ይጮሃል። እኔም አብሬው። እንባው መነጽሩ ውስጥ እየሞላ፣ አውልቄ ስደፋ ፊቴ ላይ ሰማያዊው ብናኝ ተለሰነ። ለቅሶ ማለት ሰው ደረት ሲመታ፣ ሌላው ሲይዘው ነው። እኔ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ለእንጨት አለቀስኩ።

ሳህሉ በስደት ጊዜ በመርከብ ወደ የመን ሲሻገር እኔ ሁለት ዓመት ደግፌ ቤት ነው የኖርኩት። "አንቺ እህቴ ነሽ" ብሎ ከሚስቱ ጋር አብሮ አበላኝ። ከዚያም በፊት ነው የማውቀው፤ እናቴ ሻይ ቤት በር ላይ መኪናውን እያቆመ ከአዋሽ ብርቱካን ያመጣልኝ ነበር። ኋላ ወንድሙን ይዞ መጣና ለሳህሉ ዳረኝ። ጓደኞቼ "ለራሱ መጥቶ ለወንድሙ ወሰደሽ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ልጆች ነበርን።

ከሥር ስወጣ ሳህሉ ወንበሩ ላይ አልነበረም። ወደ ግቢው በር ሄዶ ኖሮ ቀስ እያለ ተመለሰ። የጀልባ ጎረቤታችን ስታን የራሱን ሲቀባ ውሏል። ሽማግሌ እንግሊዝ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ሻይ ሰጠኝ፣ ዓይኔን አላየም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

እታፈራሁ ቤት ተሰበሰቡ። ሳህሉን መድኃኒት ላምጣ ብዬው ወደ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ብዙነህ ነገሩን ጀመሩ፦ "ልቡ ያልጠገገ፣ በዚያ ላይ መሰላል የሚወጣ ሰው መርዶ አይነገረውም። የጀልባዋ ሥራ ይለቅለት።"

እታፈራሁ "ሞት ተደብቆ አይከርም፣ አንዱ አፉን ይከፍታል" አለች።

"ማን ይከፍታል? አንቺ ካልከፈትሽ!"

"እኔ እግሬ እንጂ አፌ መች ታመመ!"

በዚያ መሀል ሳቅን። ኋላ አፈርን።

"እኔ ብነግረውስ?" አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጋሽ ብዙነህ "ልጄ፣ ሚስት ታለቅሳለች እንጂ ታረዳለች እንዴ? ብቻሽን ሳለሽ ልቡ ቀጥ ቢልስ ምን ልታደርጊ ነው?" አሉኝ። ሕማማቱ ይለፍ፣ ፋሲካ ይለፍ፣ ክሬኑም ይለፍ። ከክሬኑ በኋላ በማግስቱ፣ እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ይነገረው ተባለ። ጥቁር እንዳልለብስም አስጠነቀቁኝ።

ስወርድ ሳህሉ ደረጃው ሥር ቆሞ "መድኃኒቱስ?" አለኝ። ባዶ እጄን ነበርኩ። ፋርማሲው ተዘግቷል አልኩት።

እሑድ፣ መጋቢት 15

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወደ ግቢው። ዛሬ በጣውላና በጣውላ መካከል ያለውን ስንጥቅ በጥጥ መድፈን ነው። ጥጡን ገምደሽ ስንጥቁ ላይ አስተኝተሽ፣ አፈ ሰፊውን መሮ ደግነሽ በመዶሻ ቀስ እያልሽ ታስገቢዋለሽ። ጥጥ መግመድስ ከኔ ወዲያ! እናቴ አስፈትላኛለች። ሳህሉ እንኳ "ይሄን ምጽዋ ብታሳዪ ማዕረግ ይሰጡሽ ነበር" አለኝ። ግን አጠበቅሁት።

"ቦታ ተይለት እንግዳዬ። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ጥጡ ካፈነው ጣውላውን ይሰነጥቀዋል።"

ስሜን እንዲህ አቆላምጦ፣ አስወጥቶ እንደገና አስደፈነኝ።

አንድ ነገር አየሁ። የደግፌን መኝታ ጣውላ ለመሰላሉ እርከን አዋለው። "ምነው?" አልኩት። "እርከኑ ተሰብሮ ብትወድቂብኝስ" አለ። ደግ አሰበ። ለመኝታው ሌላ ጣውላ ያመጣ ይሆናል።

ስልኩ ተሠራ ወይ ብሎም አልጠየቀኝም። ይህም ጠቀመኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ጺሙን መላጨት ተወ። የቀለሙ ብናኝ ቆዳዬን ያሳክከኛል ይላል። ግማሹ ሽበት ሆኗል። እንደ መነኩሴ ሆንክ ብዬ ቀለድኩበት፣ ፈገግ አለ።

ጾሙንም አጠበቀው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። መድኃኒቱን በባዶ ሆድ አትዋጥ ብለው አልሰማ አለ።

እሑድ፣ መጋቢት 22

ቅዳሴ ሲወጣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች። "ይቺ ናት?" አለች አንዷ። "ይቺ ናት፤ ወንድሙ አፈር ለብሶ እሷ ጀልባ ትቀባለች። ደግሞ ነጭ በነጭ ለብሳ!" ዞሬ ላያቸው ፈለግሁ፤ አንገቴ እንቢ አለኝ። ሳህሉ ጫማውን እያሰረ አጠገቤ ነበር። አልሰማም መሰለኝ። ማሰሪያውን ግን አስሮ ፈታው፣ ደግሞ አሰረው።

ቤት ገብቼ ራሴን ሰደብኩት። ሰው ሁሉ ያውቃል። የሰቨን ሲስተርስ ሰፈሩ ሐበሻ ባለ ሱቅ ሳይቀር ሳህሉን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የኔ ባል ብቻ ሳያውቅ በሰው መሀል ሲስቅ ይውላል። ይህ ውርደት አይደል? ግን ልቡስ? ልቡ ቀጥ ቢልስ?

ከክሬኑ በኋላ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 26

ዛሬ ልነግረው ነበር።

ዝናብ ጣለና ጀልባዋ ውስጥ ተጠለልን። እላያችን ላይ ሸራ ወጥሯል፣ ዝናቡ ይደበድበዋል። ጉልበቴና ጉልበቱ እየተነካኩ ተቀመጥን። ከቴርሞስ ሻይ ቀዳልኝ። ወደ ውጭ እያየ፣

"እንግዳዬ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?" አለኝ።

ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። የጋሽ ብዙነህ ፊት መጣብኝ፤ ብቻሽን ሳለሽ ልቡ ቀጥ ቢልስ ያሉት። በዚያ ዝናብ ከዚያ መሰላል ማን ያወርደዋል?

"ጥጡ አልቋል" አልኩት።

የቴርሞሱን ክዳን ቀስ ብሎ ገጠመ።

"እንግዲያው ሌላ እንገዛለን" አለ።

ለምን ጠየቀኝ? እንዲሁ የወሬ መጀመሪያ ይሆናል። ሰው ዝናብ ሲያግደው የሚለው አያጣም። ደህና አደረግሁ። ደህና ነው ያደረግሁት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3

ጸሎተ ሐሙስ። ስግደት እንዳይሰግድ ለመንኩት፣ ሰገደ። ላቡ ሲንጠባጠብ ካህኑ ይበቃሃል አሉት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ፋሲካም አለፈ። ለዋዜማው ሄደን ሁለት ጧፍ ገዛ። ወትሮ አንድ ነው የሚገዛው። "ሁለተኛው ለማን ነው?" ስለው "ለጀልባዋ" አለኝ። ሳቅሁ።

ዶሮውን ሠርቼ አቀረብኩለት። ያን ሁሉ ጾሞ፣ ጉርሻዬን ተቀብሎ ሲያኝክ ቆየና ውኃ ጠጣበት። ጨጓራዬ አለ። እታፈራሁ በልጇ ትከሻ ተደግፋ መጣች፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ብላ ሳመችው። ከዚያ አላስቻላት፣ ዓይኗ ሞላ። "እግሬን አሞኝ ነው" አለች። ሳህሉ ወንበር ስቦ እግሯን አስቀመጠላት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

ሆዷን ቀባን። ቀይ። ይህ ቀለም ሣርና ቀንድ አውጣ እንዳይዛት ነው፤ ቶሎ ውኃ ካልገባች ግን ኃይሉ ያልቃል። ለዚህ ነው እስከ መጨረሻ የሚቆየው። በሮለር እኔ፣ ጠርዝ ጠርዙን በብሩሽ እሱ። እጁ አሁንም ቀጥ ያለ ነው። ቆንጆ ሆነች። ደስ ሊለኝ ሲል አስታወስኩ።

ቀለም ልጨምር ስዞር ሳህሉና ስታን በሹክሹክታ ሲያወሩ ደረስኩ። ሲያዩኝ ተለያዩ። ስታን ቆቡን አወለቀልኝ። ለፋሲካችን ያሳየው አክብሮት ነው ብዬ "ተንኪው" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

ክሬኑ መጣ። በመታጠቂያ አንጠልጥለው ሲያነሷት ዓይኔን ጨፈንኩ። ወረደች። በየስንጥቁ ውኃ ገባ። እኔ ጮኽኩ፣ እሱ አልጮኸም። "የደረቀ እንጨት ነው፣ ጠጥቶ እስኪያብጥ ታፈሳለች" አለ። ፓምፕ ገፋሁ። እሱም ሊገፋ ሲል እጁን ያዝኩት፣ ተወልኝ።

"አለቀ?" አለኝ።

"አለቀ።"

"እንግዲያው እንሂድ። ነገ ማልዶ መነሳት አለ።"

የሚቀዳ ውኃ ስላለ ይሆናል። ስታን እኔ አያታለሁ፣ እናንተ ሂዱ አለን። ነገ። አምላኬ፣ ልቡን አንተ ያዝልኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15

እጄ ዛሬ ነው ብዕር የያዘ።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ እንመጣለን ያሉት ከመምጣታቸው በፊት ከእንቅልፌ ስነቃ ጎኔ ባዶ ነው። ደንግጬ ወጣሁ። ሳህሉ ሳሎን ውስጥ መብራት አብርቶ፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍቶ፣ ወንበሮቹን ሁሉ ዙሪያውን ደርድሯል። የእታፈራሁን የፕላስቲክ ወንበሮች ሳይቀር ከደረጃው ሥር አውጥቷል። ጥቁር ኮት ለብሷል። ምን እየሆነ ነው ልለው ስል የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩን ሳያንኳኩ ከፈተላቸው።

"ግቡ" አለ። "ቆያችሁ።"

ጋሽ ብዙነህ ደፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ስንት መርዶ ያረዱ ሰው ኮፍያቸውን ብቻ አወለቁ። ሳህሉ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። "ይንገሩኝ ጋሼ። እንደ ወጉ ይንገሩኝ" አላቸው። ነገሩት። ያን ጊዜ አለቀሰ። "ወንድሜ፣ ባሕር ትፈራ የነበርከው፣ መንገድ በላህ!" እያለ። ክንዱን ግራና ቀኝ ያዙት፣ መድኃኒቱን ከምላሱ ሥር አደረጉለት። እኔም ጮኽኩ። ያን ሁሉ ቀን ያፈንኩት ወጣ። ልቡ ቀጥ አላለም።

ወደኔ ግን አላየም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19

ሳምንቱን ሙሉ ሰው አልተለየንም።

እታፈራሁ በየቀኑ ንፍሮ ይዛ ትወርዳለች። "እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ" ትለዋለች፣ ኋላ ወደ ኩሽና መጥታ "ይኸው ልቡ ቻለው፤ ከኛ ልብ የሱ ይሻላል" አለችኝ። ብሩክታዊት ሥራዋን ቀርታ ሳህን አጠበች። "አንቲ፣ ሁላችሁም እያወቃችሁ ለምንድነው ዝም የምትሉት? አይ ዶንት ጌት ኢት፣ አይገባኝም" አለችኝ። ሌላ ሳህን አቀበልኳት። ጋሽ ብዙነህ ተቀይመዋል። "ካወቀ ለምን ያላወቀ መስሎ አዋረደን? ሽማግሌ መጫወቻ ነው?" አሉ፤ ግን ሁለት ሰዓት ተቀምጠው የአዋሽን መንገድ ክፋት ሲያወሩ አመሹ። እነዚያ የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም መጡ፣ በድምፃቸው አወቅኋቸው። ለሱ "ያጽናህ" ብለው ንፍሮአቸውን ቆርጥመው ሄዱ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስታን መጣ። በራችን ላይ የጫማ ክምር ሲያይ እሱም ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲው ቀዳዳ ነው። ሳህሉ አጠገብ ተቀመጠ። ሲወጣ ሸኘሁት። ጀልባችሁ ደህና ናት፣ እንጨቱ አብጦ ገጥሟል፣ ፓምፑ ሥራ ፈትቷል አለኝ። ከዚያ "ያን ቅዳሜ ሲነግረኝ ምን እንደምለው አላወቅሁም ነበር" አለ።

"የትኛው ቅዳሜ?"

"አንቺ ከሥር ስትፍቂ። በሩ ላይ ካለው ስልክ አገር ቤት ደውሎ ተመለሰ። ወንድሜ ሞተ አለኝ። ልጠራሽ ስል ያዘኝ። ሚስቴ እዚያ ሥር እያለቀሰች ነው፣ እስክትጨርስ አትጥራት አለኝ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ስታን ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለ ወረደ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጠየቅሁት። "ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ እኔው ጠየቅሁት፣ እኔ!

"ካንቺ አፍ ነበር የጠበቅሁት" አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ብዙነህ እንዲህ አሉ፣ ሐኪሙ እንዲህ አለ ልለው ጀመርኩና ተውኩት። ወደ ኩሽና ገብቼ ብርጭቆ ማጠብ ያዝኩ።

ቆይቶ መጣ። ነጠላውን እንደ ለቅሶ ደራሽ አጣፍቶ ነበር። እታፈራሁ ስትመጣ የምትቀመጥባትን ዝቅተኛ ወንበር ሳበና ከፊቴ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ። ሳምንቱን ሙሉ የመጣው ሰው ሁሉ እሱን ነው ያጽናናው፤ ለኔ ያለኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠበቅሁም። እጄን ከውኃው አወጣሁ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እንግዳወርቅ" አለኝ።